ሌሊት በር ሲሰበር፦ ራስን መከላከል በሸሪዓና በሕግ ፊት

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በባልደረቦቻቸውና እስከ ቂያማ ቀን ፈለጋቸውን በተከተሉ ሁሉ ላይ ይሁን።



ከወጣቶች ሐለቃ በኋላ ደጋግማችሁ ከምትጠይቁት ጥያቄ አንዱ ይህ ነው፦ «ሌሊት ሌባ ቤታችን ሰብሮ ቢገባ በኢስላም ምን ማድረግ ይፈቀድልኛል? መግደል እችላለሁ?» አንዳንዱ ንብረቱን ሲከላከል ስለሞተ ሰው የሚናገረውን ሐዲስ ከቲክቶክ ሰምቶ ይመጣል። ሌላው ደግሞ «የምንኖረው አሜሪካ ነው፤ ቤቴ የገባን ሰው ብመታ ሕጉ ከእኔ ጋር ነው» ይላል። ሁለቱም የያዙት እውነት አለ። ነገር ግን ሁለቱም የያዙት ግማሹን ነው። ግማሽ እውቀት መሣሪያ በያዘ እጅ ላይ ሲሆን ደግሞ ነፍስ ያጠፋል።

እኔ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነኝ እንጂ ሙፍቲም ጠበቃም አይደለሁም። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ እንደ ፈትዋ አትውሰዱት። ዑለማዎቻችን በመጻሕፍቶቻቸው ያስቀመጡትንና ፍርድ ቤቶች በአደባባይ የወሰኑትን ጎን ለጎን አስቀምጬ አብረን እንድናስተነትን ነው።

ቤት ክብር አለው

በሱረቱ አን-ኑር (24፥27-28) አላህ (ሱ.ወ) ምእመናን ሳያስፈቅዱና ሰላምታ ሳያቀርቡ ወደ ሰው ቤት እንዳይገቡ አዟል። ተመለሱ ከተባሉም ቅር ሳይላቸው እንዲመለሱ አስተምሯል። በኢስላም ቤት ማለት ሰው ሒጃቡን የሚያወልቅበት፣ ልጁ ያለ ስጋት የሚተኛበት ቦታ ነው። በሩን ሰብሮ የሚገባ ሰው ቴሌቪዥን ብቻ አይደለም የሚሰርቀው፤ ሰላም ይሰርቃል። ቤቱ የተሰበረበት ሰው ለወራት እንቅልፍ የሚያጣው የጠፋው ዕቃ ውድ ስለሆነ አይደለም።

ሸሪዓችንም ሰው እጁን አጣጥፎ እንዲመታ አላዘዘም። በሶሒሕ ሙስሊም አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ሐዲስ አንድ ሰው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥቶ ገንዘቡን ሊነጥቀው ስለሚመጣ ሰው ጠየቃቸው። እንዳይሰጠው ነገሩት። ቢጋደለው እንዲጋደለው፣ በዚያ ቢገደል ሸሂድ እንደሚሆን፣ አጥቂው ቢሞት ደግሞ አጥቂው የእሳት እንደሆነ ነገሩት። ሰዒድ ኢብኑ ዘይድ (ረ.ዐ) ያስተላለፉት ሐዲስም ይህንኑ ለነፍስ፣ ለሃይማኖትና ለቤተሰብ ያሰፋዋል። ዑለማዎች ይህን ርዕስ «ደፍዑ-ስ-ሷኢል» ይሉታል፤ አጥቂን መመለስ ማለት ነው።

ስሙን ልብ በሉ። መመለስ ነው፤ መቅጣት አይደለም፤ መበቀልም አይደለም። የጉዳዩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ደረጃ በደረጃ

ከላይ ያለውን ሐዲስ የሚያውቅ ብዙ ነው። በኢማም አን-ነሳኢይ ስብስብ ውስጥ የሚገኘውን ወንድሙን ግን ጥቂት ሰው ነው የሚያስታውሰው። በዚያ ሐዲስ ተመሳሳይ ጥያቄ ይዞ ለመጣ ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመጀመሪያ የሰጡት መልስ አጥቂውን አላህን እንዲያስታውሰው ነው። ባይሰማስ ሲል፣ በዙሪያው ባሉ ሙስሊሞች እንዲታገዝ ነገሩት። በዙሪያዬ ሰው ባይኖርስ ሲል፣ የመንግሥትን ባለሥልጣን እንዲጠራ ነገሩት። ባለሥልጣኑ ከራቀስ ሲል ብቻ ነው ገንዘቡን ለመጠበቅ እንዲጋደል የፈቀዱለት።

አራት ደረጃ ነው፦ ንግግር፣ ጎረቤት፣ ባለሥልጣን፣ ከዚያ በኋላ ክንድ። ወላጆቻችሁን ጠይቋቸው፤ ባደጉበት ሰፈር ሌሊት ኮቴ ከተሰማ እናት «ሌባ! ሌባ!» ብላ ትጮኻለች፤ ጎረቤቱ ሁሉ ባትሪና ዱላ ይዞ ይወጣል፤ ሌባውም አጥሩን ዘሎ ይሮጣል። በአብዛኛው እዚያ ላይ ያልቃል። እኛ በምንኖርበት አፓርትመንት ግን ጎረቤታችንን በስሙ እንኳ አናውቀውም። ሁለተኛው ደረጃ ስለደከመ ሦስተኛው፣ ማለትም በአሜሪካ 911፣ በብሪታንያ 999፣ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112፣ ይበልጥ አስፈላጊ ይሆናል እንጂ በቀጥታ ወደ አራተኛው መዝለል አይፈቅድልንም።

የፊቅህ ሊቃውንት ይህን በአንድ መርህ አጠቃለውታል፦ «አል-አኸፍ ፈል-አኸፍ»፣ ከቀላሉ ጀምሮ ወደ ከባዱ። ኢብኑ ቁዳማህ በ«አል-ሙግኒ» እንዳብራሩት አጥቂው በቃል የሚመለስ ከሆነ መምታት የለም፤ በዱላ የሚመለስ ከሆነ ብረት የለም። ጀርባውን ሰጥቶ ከሸሸ ተከትሎ መግደል የለም። ተመትቶ ከወደቀና መጉዳት ካልቻለ ሁለተኛ መምታት የለም፤ ምክንያቱም የተፈለገው ክፋቱን ማስቆም ነው፤ ቆሟል።

በእኔ ሙያ ቋንቋ ላስረዳችሁ። ቤታችሁ ውስጥ ኩሽና ያለው ሶኬት ሾርት ቢያደርግ መውደቅ ያለበት የኩሽናው ብሬከር ነው። ዋናው ብሬከር ቀድሞ ከወደቀ ቤቱ ሁሉ ይጨልማል፤ የታመመ ሰው መተንፈሻ ማሽን ላይ ካለ እሱም ይጠፋል። ጥሩ ንድፍ ማለት ለችግሩ ቅርብ የሆነው ትንሹ መከላከያ መጀመሪያ የሚሠራበት፣ ትልቁ ደግሞ ትንሹ ሲያቅተው ብቻ የሚገባበት ነው። ሸሪዓ ከነፍስ ጋር የተያያዘውን ጉዳይ የነደፈው እንዲህ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። አብዛኞቹ ዑለማዎች ዘንድ ገንዘብን መከላከል የተፈቀደ ነው እንጂ ግዴታ አይደለም። ላፕቶፑንና የመኪና ቁልፉን ሰጥቶ ነፍሱን ያተረፈ ሰው ፈሪ አይባልም፤ ኃጢአትም የለበትም። ስለ ቤተሰብ ክብርና ነፍስ ሲሆን ግን ነገሩ ይከብዳል፤ የቻለ ሰው ሊከላከል ይገባዋል። ስለዚህ «ምን ልከላከል ነው?» የሚለው ጥያቄ «በምን ልምታ?» ከሚለው ይቀድማል።

ሕጉ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች

አሁን ወደ ምንኖርባቸው አገሮች ሕግ እንምጣ። ቃላቱ ከአገር አገር፣ በአሜሪካም ከግዛት ግዛት ይለያያሉ። ሆኖም ዳኛም ሆነ የዳኞች ሸንጎ የሚያነሳቸው ጥያቄዎች በመሠረቱ ሦስት ናቸው። አደጋው አሁን፣ በዚህች ቅጽበት ነበረ ወይ? ኃይል መጠቀም አስፈላጊ ነበረ ወይ? የተጠቀምክበት ኃይል ከአደጋው ጋር ይመጣጠናል ወይ? የወላጆቻችን አገር ሕግም ከዚህ አይርቅም፤ የ1996 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል፤ በአንቀጽ 79 ደግሞ ከመጠን ያለፈውን ለብቻው ያያል።

ከእኛው ሰዎች አንድ ጉዳይ ላንሳ። በ2008 በረመዷን ወር በእንግሊዝ አገር ሃይ ዊኮም በምትባል ከተማ ሙኒር ሁሴን የተባለ ሙስሊም ነጋዴ ከነቤተሰቡ ከመስጂድ ሲመለስ ጭምብል ያደረጉ፣ ቢላ የያዙ ሦስት ሰዎች ቤቱ ውስጥ ጠበቁት። አባወራውን፣ ሚስቱንና ልጆቹን አስረው አስፈራሯቸው። አንደኛው ልጅ አምልጦ አጎቱን ጠራ። አባትየውም እስሩን ፈትቶ ወራሪዎቹን አባረራቸው። እስከዚህ ድረስ ያለውን ሸሪዓም ሕግም አይወቅሰውም። ነገር ግን ወንድማማቾቹ ከሌሎች ጋር ሆነው ከሚሸሹት አንዱን አሳድደው ያዙት፤ መሬት ላይ ወድቆ ሳለ የክሪኬት ዱላው እስኪሰበር ደበደቡት። ሰውየው አንጎሉ ላይ ዘላቂ ጉዳት ደረሰበት።

በታኅሣሥ 2009 ሙኒር የ30 ወር፣ ወንድሙ የ39 ወር እስራት ተፈረደባቸው። በጥር 2010 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሁኔታቸውን አይቶ አዘነላቸው፤ የሙኒርን ወደ 12 ወር የታገደ እስራት ለወጠለት፣ የወንድሙን ወደ ሁለት ዓመት ዝቅ አደረገለት። ጥፋተኝነታቸውን ግን አልሰረዘም። ፍርድ ቤቱ ነገሩን ያየው እንደ ራስ መከላከል አይደለም፤ አደጋው ካለፈ በኋላ የተፈጸመ ቅጣት አድርጎ ነው። ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ኢብኑ ቁዳማህ በሸሸና በወደቀ ሰው ላይ ያሰመሩትን መስመር አስታውሱ። ያው መስመር ነው።

ከዚያ ወዲህ በ2013 የእንግሊዝ ሕግ ለባለቤቱ ሰፋ ያለ ቦታ ሰጥቷል፤ ቤቱ ውስጥ ወራሪ የገጠመው ሰው በድንጋጤ የተጠቀመው ኃይል ከልክ በጣም ያለፈ ካልሆነ በስተቀር ስላልተመጣጠነ ብቻ አይፈረድበትም። በ2016 ግን ከፍተኛው ፍርድ ቤት ይህ ሕግ ለማንም ያሻውን የማድረግ ፈቃድ እንዳልሰጠ፣ ኃይሉ በሁኔታው ምክንያታዊ መሆን እንዳለበት አስረድቷል። ከቤት ውጭ ማሳደድንም አይሸፍንም።

በአሜሪካ ብዙ ግዛቶች «የቤተ መንግሥት መርህ» የሚባለው አለ። ሰው በገዛ ቤቱ ውስጥ ሸሽቶ እንዲወጣ አይገደድም ማለት ነው። ብዙ ወጣት ይህን ሲሰማ «ቤቴ ከገባ ጨረስኩት» ብሎ ይተረጉመዋል። ሚኔሶታ ለምትኖሩ ይህን አስታውሱ። በኅዳር 2012 በታንክስጊቪንግ ቀን ሊትል ፎልስ በምትባል ከተማ ቤቱ ከዚያ በፊት የተዘረፈበት ሰው መኪናውን ከቤቱ አርቆ አቆመ፤ የሌለ አስመስሎ ቤዝመንት ውስጥ መሣሪያና የድምፅ መቅጃ ይዞ ጠበቀ። የ17 ዓመት ወጣትና የ18 ዓመት ወጣት ሴት አንዱ ከሌላው ቀጥሎ ሰብረው ገቡ። መሣሪያ አልያዙም። ከቆሰሉና ከወደቁ በኋላም ተኮሰባቸው። በ2014 የዳኞች ሸንጎ በቅድሚያ በታሰበበት ግድያ ጥፋተኛ ብሎት ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ልጆቹ መስረቃቸው እውነት ነው። ቤቱ የእሱ መሆኑም እውነት ነው። ሆኖም ወጥመድ ዘርግቶ መጠበቅና የወደቀን መጨረስ መከላከል አይባልም።

ሕግ የፈቀደው ሁሉ ሐላል ነውን?

አንዳንድ ቦታ ደግሞ ሕጉ ከሸሪዓችን ይልቅ ይሰፋል። ለምሳሌ የቴክሳስ ሕግ በተወሰኑ ሁኔታዎች ሌሊት ንብረት ይዞ በሚሸሽ ሌባ ላይ እንኳ ገዳይ ኃይል መጠቀምን ይፈቅዳል። ታዲያ ሙስሊም ይህን እንዴት ይየው?

እኛ መሐንዲሶች አንድ ሕንፃ ላይ ሁለት መመዘኛ ሲኖር ጥብቅ የሆነውን እንከተላለን። ሙስሊምም እንዲሁ ነው። በአንድ በኩል በምንኖርበት አገር ሕግ ለመኖር ቃል ገብተናል፤ በቪዛም በዜግነትም። ቃልን መጠበቅ የአላህ ትእዛዝ ነው። ስለዚህ «ሸሪዓ ፈቅዶልኛል» ብሎ ሕግ መጣስ አይቻልም። በሌላ በኩል ዳኛው ነፃ ያወጣው ሰው አላህ ዘንድ ነፃ ነው ማለት አይደለም። በአል-ማኢዳህ (5፥32) አንዲትን ነፍስ ያለ አግባብ ማጥፋት ሰዎችን ሁሉ እንደማጥፋት ተቆጥሯል። በቡኻሪና ሙስሊም ዘገባ ደግሞ ቂያማ ቀን በሰዎች መካከል መጀመሪያ የሚፈረደው የደም ጉዳይ ነው። ከሞባይል ስልክ ጋር የሚሮጥ የ15 ዓመት ልጅ ላይ መተኮስን የአንድ ግዛት ሕግ ቢፈቅደውም፣ ያን ቀን የሚጠይቀን የግዛቱ ሸንጎ አይደለም።

ከበሩ ወዲያ ማዶ

እስካሁን የተናገርነው ከበሩ ወዲህ፣ ቤት ውስጥ እንደቆምን አድርገን ነው። እውነቱን እንነጋገር፤ እናንተ ከበሩ ወዲያም ትቆማላችሁ። ብዙዎቻችሁ ከትምህርት በኋላ ምግብና ዕቃ በማድረስ ትሠራላችሁ። ማታ አድራሻ ትፈልጋላችሁ፣ የማታውቁትን ደወል ትጫናላችሁ። ቆዳችሁ ጥቁር ነው፤ ስማችሁ ሙሐመድ ወይም ዐብዱረሕማን ነው።

በጥቅምት 1992 በሉዊዚያና ባተን ሩዥ ዮሺሂሮ ሃቶሪ የተባለ የ16 ዓመት ጃፓናዊ ተማሪ ለሃሎዊን ግብዣ ሲሄድ ቤት ተሳስቶ ሌላ በር አንኳኳ። ባለቤቱ ተኩሶ ገደለው። የወንጀል ፍርድ ቤቱ ባለቤቱን ነፃ አወጣው፤ በፍትሐ ብሔር ግን ለወላጆቹ ወደ 650 ሺህ ዶላር እንዲከፍል ተፈረደበት። በሚያዝያ 2023 ደግሞ በሚዙሪ ካንሳስ ሲቲ ቤተሰቡ ከላይቤሪያ የመጣ የ16 ዓመት ታዳጊ ራልፍ ያርል ታናናሽ ወንድሞቹን ሊወስድ ሄዶ ተመሳሳይ ስም ባለው መንገድ ተሳሳተ። ደወሉን ተጫነ። የ84 ዓመት ባለቤት በመስታወቱ በር ውስጥ ራሱንና ክንዱን በጥይት መታው። አልሐምዱሊላህ ልጁ ተረፈ። ባለቤቱ በ2025 ጥፋቱን አመነ፤ ፍርዱ ሳይሰጥ ግን ሞተ።

እነዚህ ልጆች ሌባ አልነበሩም። በር ያንኳኳ እንግዳ ነበሩ። ተኳሾቹ ከመተኮሳቸው በፊት ያላደረጉት አንድ ነገር ነው፦ ማጣራት። አላህ በአል-ሑጁራት (49፥6) አጣርተን እንድናውቅ ያዘዘን ባለማወቅ ሰዎችን ጎድተን በሠራነው እንዳንጸጸት ነው። አያው የወረደው ወሬን ስለማጣራት ነው፤ ጥላ አይቶ ለሚተኩስ ሰው ግን ትምህርቱ እንዴት ይበልጥ አይሠራ?

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለሚያንኳኳውም አደብ አስተምረዋል። ሦስት ጊዜ ማስፈቀድ፣ ካልተፈቀደ መመለስ። በር ላይ ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ፈቀቅ ብሎ መቆም። «ማነው?» ሲባል ራስን በስም ማስተዋወቅ፤ ጃቢር (ረ.ዐ) «እኔ ነኝ» ሲሉ መልሱን እንዳልወደዱላቸው በቡኻሪና ሙስሊም ተዘግቧል። ይህ አደብ ከ1400 ዓመታት በፊት የተሰጠ ነው፤ ዛሬ ሌሊት ዕቃ ለሚያደርስ ወጣት ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል። የቤት ቁጥሩን ደግማችሁ አንብቡ፤ ስማችሁንና የመጣችሁበትን ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፤ ፈቀቅ በሉ፤ እጃችሁ ይታይ።

ቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ሰበብ እናድርስ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ማታ የአላህን ስም ጠርተን በሮቻችንን እንድንዘጋ አዘዋል። ግመሉን ሳያስር መተማመን ስለፈለገው ሰው የሚታወቀውን ሐዲስም ሁላችን እናውቃለን። ጥሩ ቁልፍ፣ የውጭ መብራት፣ ካሜራ፣ ሰላም የሚባል ጎረቤት፤ ሌባን የሚመልሱ የመጀመሪያዎቹ ብሬከሮች እነዚህ ናቸው።

ሁለተኛ፣ ከቤተሰብ ጋር ተስማሙ። ሌሊት ድምፅ ቢሰማ ሁሉም የሚሰበሰብበት የሚቆለፍ አንድ ክፍል ይኑር። ስልክ እዚያ ይደር። እናታችሁ እንግሊዝኛ የማይቀናት ከሆነ አድራሻውንና «አማርኛ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ አስተምሯት፤ ብዙ የአደጋ ጥሪ ማዕከሎች በስልክ አስተርጓሚ ያገናኛሉ።

ሦስተኛ፣ ድምፅ ተጠቀሙ። «ፖሊስ ጠርተናል፣ ውጣ!» ብሎ መጮህ የሐዲሱ የመጀመሪያ ደረጃ ነው። ሌባው ቢሆን ይሸሻል። የአጎታችሁ ልጅ፣ አምሽቶ የመጣ ወንድማችሁ ወይም በር የተሳሳተ አዛውንት ከሆነም ይመልሳል።

አራተኛ፣ ከሸሸ ይሂድ። መልኩን፣ ልብሱን፣ የመኪናውን ታርጋ ያዙ። አታሳድዱ። ፖሊስ ሲመጣ በእጃችሁ ያለውን ሁሉ አስቀምጡ፤ በጨለማ ውስጥ ማን ባለቤት፣ ማን ሌባ እንደሆነ ፖሊሱ አያውቅም።

አምስተኛ፣ በሕግ የተፈቀደ መሣሪያ ቤት ውስጥ ካለ አማና ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በቀልድም ቢሆን ብረት ወደ ወንድም ማነጣጠርን አጥብቀው ከልክለዋል፤ ሸይጧን ከእጅ ሊመነጭቀው ይችላልና። የተቆለፈ ይሁን፤ ልጅ የማይደርስበት ይሁን። ከቤተሰቡ አንዱ በጭንቀት ወይም በተስፋ መቁረጥ ውስጥ ካለ ደግሞ ከቤት ይውጣ። ከመግዛታችሁ በፊት ከዓሊምም ከግዛታችሁ ሕግ አዋቂም ጋር ተማከሩ።

ማጠቃለያ

ውድ ወጣቶች፣ ጀግንነትን የሚያስተምሯችሁ ብዙ ፊልሞች አሉ። በአሽ-ሹራ (42፥39-43) አላህ በደል ሲደርስባቸው የሚከላከሉትን አወድሷል፤ ወዲያው ቀጥሎ የክፉ ምንዳ ልክ መጠኑን እንዳያልፍ ገደበ፤ ከዚያም ይቅር ያለና የታገሠን ከፍ አደረገ። ሦስቱም በአንድ ሰው ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ። ቤተሰቡን ለመጠበቅ የማይፈራ፣ ሲጠብቅ ልኩን የማያልፍ፣ አደጋው ሲያልፍ እጁን የሚሰበስብ። ሌሊት በሩ ሲሰበር ይህን ለማሰብ ጊዜ የለም። ስለዚህ ማሰቡ ዛሬ፣ በሰላሙ ሰዓት ነው።

ያ አላህ! ቤቶቻችንን ጠብቅልን፤ ፍርሃታችንን በሰላም ለውጥልን። እጃችንን ከማይገባ ደም ጠብቅ። ማታ ማታ ለሥራ የሚወጡ ልጆቻችንን፣ የማያውቁትን በር የሚያንኳኩትን ሁሉ በሰላም ወደ ቤታቸው መልስልን። በስህተት የተገደሉ ልጆችን ወላጆች ልብ አጽና። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።